የ1789ኙ የታንግ ሎንግ ውጊያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቬትናሞች በአዲስ ዓመታቸው ሰሞን ዋና ከተማቸውን ከቻይና ጦር ስላስለቀቁበት ውጊያ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህን ነው፤ ቀኖቹና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ባጭሩ ምንድን ነው?

በ1788 መጨረሻ ላይ የቻይናው የቺንግ መንግሥት ጦር ድንበር ተሻግሮ የቬትናምን ዋና ከተማ ታንግ ሎንግን ያዘ። ስድስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1789 ደግሞ ከደቡብ የመጣው፣ ንጉየን ሁዌ የሚመራው የታይ ሶን አማፅያን ሠራዊት ከተማዋን መልሶ ወሰዳት። በእኛ አቆጣጠር ጥር 1781 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ቬትናሞች ድሉን የሚጠሩት በሁለት ቦታዎች ስም ነው፦ ንጎክ ሆይ እና ዶንግ ዳ። ዘመቻው ከቴት ዋዜማ ሌሊት፣ ማለትም ከአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ ተነስቶ በበዓሉ አምስተኛ ቀን አለቀ። ሳምንት እንኳ አልሞላም። ከዚያ በፊት ግን ወር ከምናምን የፈጀ ዝግጅት አለ፤ ታሪኩን ጥሩ የሚያደርገውም እሱ ነው።

ታንግ ሎንግ ዛሬ የት ናት?

የዛሬዋ ሃኖይ ናት። ከተማዋ ከ1010 ጀምሮ በቀይ ወንዝ ዳር የነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ሃኖይ የሚለውን ስም ያገኘችው በ1831 ነው። ዶንግ ዳ አሁን መሃል ከተማ ያለ ሰፈር ሆኗል። ንጎክ ሆይ ከከተማዋ በስተደቡብ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ያኔ ቬትናምን የሚገዛት ማን ነበር?

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ታንግ ሎንግ ላይ የሌ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ተቀምጧል። ዘውድ አለው፣ ሥልጣን የለውም። ሰሜኑን የሚያዝዙት ትሪን የሚባሉ መሳፍንት ናቸው። ደቡቡን የያዙት ደግሞ ንጉየን የሚባሉ ሌሎች መሳፍንት። ሁለቱም በንጉሡ ስም ይምላሉ፣ ሁለቱም ንጉሡን አይሰሙትም። የዘመነ መሳፍንትን ታሪክ ላነበበ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በ1771 ከመሃል አገር፣ ታይ ሶን ከምትባል መንደር፣ ሦስት ወንድማማቾች አመፁ። ግብር ያማረረው ገበሬ፣ ነጋዴውም የደጋው ሕዝብም ተከተላቸው። በ1777 የደቡቡን መሳፍንት አስወገዱ። በ1786 ወደ ሰሜን ዘመቱና ትሪኖችንም ጣሉ። ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ የቆየው አሠራር በ15 ዓመት ውስጥ ፈረሰ።

ንጉየን ሁዌ እና ኳንግ ትሩንግ አንድ ሰው ናቸው?

አዎ። ንጉየን ሁዌ የተጠራበት ስሙ ነው፤ ኳንግ ትሩንግ የነገሠበት ዘመን ስም ነው። ከሦስቱ ወንድማማቾች በጦር የሚስተካከለው አልነበረም። በ1785 ከሲያም፣ ከዛሬዋ ታይላንድ ማለት ነው፣ የመጣን ትልቅ የጀልባ ጦር በሜኮንግ ወንዝ ላይ አድፍጦ ደመሰሰው። በ1786 ታንግ ሎንግ ሲገባ የሌ ንጉሥ ልጁን ልዕልት ንጎክ ሃንን ዳረለት። ታንግ ሎንግን ከቻይና ሲያስለቅቅ ዕድሜው ገና በ30ዎቹ አጋማሽ ነበር።

አንድ ሌላ ግርታም እናጥራ። የታይ ሶን ወንድማማቾችና የደቡቡ መሳፍንት ሁሉም ንጉየን ይባላሉ። ቤተሰብ ስለሆኑ አይደለም። ደመኛሞች ናቸው። በቬትናም ንጉየን የሚባል ሰው መዓት ነው።

የቻይና ጦር ምን ሊያደርግ መጣ?

ተጠርቶ ነው። የመጨረሻው የሌ ንጉሥ፣ ሌ ቺዩ ቶንግ፣ ታይ ሶኖች ሲመጡበት ከታንግ ሎንግ ወጥቶ ከቦታ ቦታ ይሸሽ ነበር። እናቱ ድንበር ተሻግራ ጓንግሺ ገባችና የቻይና ሹማምንትን ለመነች። ጉዳዩ ለጓንግዶንግና ለጓንግሺ ጠቅላይ አገረ ገዥ ለሱን ሺዪ ደረሰ። ሱን ሺዪ ነገሩን ወደደው። የሌ ቤት እጅ መንሻ እየላከ የኖረ ታማኝ ቤት ነው፣ ዝም ብለን ሲወድቅ ማየት የለብንም ብሎ ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግን አሳመነ። ዋናው ጦር ከጓንግሺ በላንግ ሶን በኩል ገባ። ሌላ ክንፍ ደግሞ ከዩናን ወረደ።

ቺየንሎንግ አገሪቱን ሊውጣት ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በቬትናም የታሪክ መጻሕፍት ወረራ ነው፣ አለቀ። የቺንግ ቤተ መንግሥት ሰነዶች ግን ንጉሠ ነገሥቱ ቺዩ ቶንግን አልጋው ላይ መልሳችሁ ቶሎ ውጡ ብሎ ማዘዙን ያሳያሉ። ሱን ሺዪ አልቸኮለም። የታይ ሶንን መሪዎች ይዤ እመለሳለሁ እያለ ቆየ። ለአገሬው ሰው ግን የውጭ ጦር ዋና ከተማው ውስጥ ተቀምጧል፤ ለምን መጣ የሚለው ብዙም ለውጥ አያመጣም።

ከተማዋ ስትወድቅ ውጊያ ነበር?

ይህ ነው የሚባል ውጊያ አልነበረም። ታንግ ሎንግን እንዲጠብቅ የተተወው የታይ ሶን አዛዥ ንጎ ቫን ሶ ነበር። አብሮት ንጎ ቲ ኛም የሚባል ሊቅ ነበረ፤ ቀድሞ የሌ መንግሥት ሹም የነበረና በኋላ ወደ ታይ ሶን የገባ። የቻይና ጦር እየቀረበ መሆኑ ሲሰማ ምክር ተቀመጡ። አንዳንዶቹ እንግጠም አሉ። ኛም አይሆንም አለ። ሰሜኑ ሁሉ የሌን ንጉሥ የሚናፍቅ ሰው ነው፣ ከኋላ ይወጉናል፣ ጦራችንም ትንሽ ነው አለ። ምክሩ አንድ ሰው ሳይጎዳ ከተማዋን ለቅቆ መውጣት ነበር። ይምጡ፣ አንድ ሌሊት ይደሩ፣ ከዚያ እናስወጣቸዋለን አለ ይባላል።

እግረኛው ጦር ወደ ታም ዲየፕ የተራራ በር አፈገፈገ። መርከቦቹ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄዱ። የቻይና ጦር በዲሴምበር 1788 አጋማሽ ያለ ችግር ታንግ ሎንግ ገባ።

እንደ እኔ የድሉ ግማሽ እዚህ ነው የተገኘው። ከተማዋን ልጠብቅ ብሎ የቆመ ጦር እዚያው ያልቅ ነበር፤ በኋላም ለመልሶ ማጥቃቱ የሚሆን ሰው አይገኝም። ንጉየን ሁዌ ታም ዲየፕ ሲደርስ አዛዦቹን አስደነገጣቸው። መሸሻችሁ በሞት ያስቀጣል ካለ በኋላ ምክሩ የንጎ ቲ ኛም መሆኑን አውቄያለሁ፣ ደግ አደረጋችሁ አላቸው።

ታንግ ሎንግ በቻይና ጦር እጅ ሳለች ምን ሆነ?

ሱን ሺዪ ሠራዊቱን ቀይ ወንዝ ዳር አሰፈረ። በወንዙ ላይ በጀልባ የተያያዘ ተንሳፋፊ ድልድይ ዘረጋ። ቺዩ ቶንግ የአናም (ቻይናዎች ያኔ ቬትናምን የሚጠሩበት ስም ነው) ንጉሥ ተብሎ ከቺየንሎንግ ማኅተም ተሰጠው። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ደብዳቤ የሚጻፈው በራሱ ዘመን ስም ሳይሆን በቻይናው ንጉሠ ነገሥት ዘመን ስም ሆነ። በየቀኑም ጥቂት አጃቢ አስከትሎ ወደ ሱን ሺዪ ሰፈር ይሄዳል። አንዳንዴ እንኳን ሊያነጋግረው፣ ዛሬ ጉዳይ የለም ተመለስ ይባላል። ሕዝቡ እንዲህ የተዋረደ ንጉሥ አይተን አናውቅም ማለት ጀመረ።

ቺዩ ቶንግ ደግሞ የቆየ ቂሙን ይወጣ ነበር። ለታይ ሶን ያደሩ ናቸው ያላቸውን የገዛ ዘመዶቹን ሳይቀር በጭካኔ ቀጣ። የታይ ሶን ሰዎችን ያገቡ ነፍሰ ጡር ልዕልቶችን እንዳስገደለና የሦስት አጎቶቹን እግር እንዳስቆረጠ የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። እናቱ ከቻይና ስትመለስ ይህን ሰምታ አለቀሰች፤ እንዲህ ከሆነ ጠፍተናል አለች ይባላል። ኑሮም ተወደደ። የሚበላውን የሚያቀርበው ያገሬው ገበሬ ነበር። ሌን ይናፍቅ የነበረው ሰሜን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቀዘቀዘ።

ንጉየን ሁዌ ዜናውን ሲሰማ ምን አደረገ?

መጀመሪያ ነገሠ። ዲሴምበር 22 ቀን 1788 ከዛሬዋ ሁዌ ከተማ አጠገብ ባን በሚባል ኮረብታ ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ኳንግ ትሩንግ የሚለውን ስም ወሰደ። በዚያው ቀን ሠራዊቱን አንቀሳቀሰ። ችኮላው በምክንያት ነው። ቺዩ ቶንግ ከባዕድ ጦር ጋር ስለሆነ አልጋው ባዶ ነው ማለት ነበረበት። ተራ የጦር አዝማች ሆኖ ከሄደ አመፀኛ ነው። ንጉሥ ሆኖ ከሄደ አገሩን የሚያስመልስ ሰው ነው።

ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ንጌ አን በሚባል ግዛት አሥር ቀን ያህል ቆሞ ክተት አወጀ። ከሦስት ወንድ አንዱ ለጦርነት እንዲወጣ ታዘዘ። ሠራዊቱ 100 ሺህ ደረሰ ይባላል፤ ከመቶ የሚበልጡ ዝሆኖችም ነበሩት። አዲሶቹን ምልምሎች እሱ ራሱ በሚመራው በመሃለኛው ክፍል አደረጋቸው። የሰለጠኑትን በግራ በቀኝ፣ በፊት በኋላ አሰለፈ። አዲስ ወታደር መሸሽ ቢያምረው መሄጃ የለውም።

ለሠራዊቱ ያደረገው ንግግርም እስከ ዛሬ በቬትናም ተማሪዎች አፍ ላይ አለ። የምንዋጋው ጸጉራችንን ለማስረዘም፣ ጥርሳችንን ለማጥቆር ነው የሚል ነው። ቺንጎች ቻይናን ሲይዙ ወንዱን ሁሉ ግንባሩን አስላጭተው ከኋላ ጸጉሩን አስጎንጉነውታል። ቬትናሞች ያኔ ጸጉራቸውን ያስረዝማሉ፣ ጥርሳቸውን ቀለም ያጠቁራሉ። ስለ መንግሥትና ስለ ዙፋን ከማውራት ይልቅ ወታደሩ በራሱ ገላ ላይ የሚያውቀውን ነገር ጠራለት።

ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ቶሎ ሄዱ?

አፈ ታሪኩ ሦስት ሦስት ሰው ሆነው ሄዱ ይላል። ሁለቱ አንዱን በቃሬዛ ይሸከማሉ፣ ቃሬዛው ላይ ያለው ይተኛል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ፤ ቀን ከሌት ሳይቆሙ ይጓዛሉ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ባዶ እጁን ከሚሄደው አይፈጥንም፤ የሞከረው ያውቀዋል።

ከሁዌ እስከ ንጌ አን ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን በ4 ቀን እንደጨረሱ ተጽፏል። እግረኛ በሙሉ በዚህ ፍጥነት ሄደ ብሎ ማመን ይከብዳል። ታይ ሶኖች መርከብ ነበራቸው፣ የሠራዊቱ ክፍልም በባሕር ይጓዝ ነበር። ከንጌ አን በላይ ደግሞ ብዙ ሰው ተጨምሯል። ፊተኛው ክፍል ፈጥኖ ደርሶ ዋናው ጦር መንገድ ላይ ተሰበሰበ ብንል ነገሩ ይገጣጠማል። እንደዚያም ሆኖ ከሁዌ እስከ ታንግ ሎንግ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰው እየመለመሉ፣ ስንቅና ዝሆን እየነዱ በ40 ቀን ገደማ ደርሶ ማሸነፍ ቀላል አይደለም።

ለምን በአዲስ ዓመት በዓል?

ሱን ሺዪ ሠራዊቱን ለበዓል አሳርፎ ስለነበር ነው። ቴት የቻይናም አዲስ ዓመት ነው። ጠላት ሩቅ ነው፣ ጥቂት ነው፣ ሲያየን ሸሽቷል ብሎ አስቦ በዓሉ ሲያልፍ በስድስተኛው ቀን ሊዘምት ወስኖ ነበር። ኳንግ ትሩንግም የልመና ደብዳቤ እየላከ ይህን ሐሳቡን አጠናከረለት።

ታይ ሶኖቹም ቢሆኑ በዓሉን አልዘለሉትም። አስቀድመው አከበሩት። ኳንግ ትሩንግ ታም ዲየፕ ላይ ሠራዊቱን ግብር አበላና፣ ትክክለኛውን ቴት በሰባተኛው ቀን ታንግ ሎንግ ላይ እናከብራለን አላቸው። ሁለት ቀን ቀድሞ ገባ።

ውጊያው እንዴት ተካሄደ?

ሠራዊቱ በአምስት አቅጣጫ ተከፈለ። ዋናውን ኳንግ ትሩንግ ራሱ እየመራ በትልቁ መንገድ ወደ ሰሜን ገሰገሰ። አንዱ ክፍል ዝሆንና ፈረስ ይዞ ከጎን እንዲረዳው ተላከ። ሦስተኛው በምዕራብ ዞሮ ወደ ዶንግ ዳ አቀና። የቀሩት ሁለቱ በባሕርና በወንዝ ሄዱ፤ አንደኛው በምሥራቅ ያለውን ጠላት እንዲመታ፣ ሌላው ቻይናዎቹ የሚሸሹበትን መንገድ ከሰሜን እንዲዘጋ።

በዋዜማው ሌሊት ጂያን የሚባለውን ወንዝ ተሻገሩ። ፊት ለፊት የነበሩት የሌ ወታደሮች ተበተኑ። ከቻይና ቃፊሮች አንድም ሰው አምልጦ ወሬ እንዳያደርስ እያሳደዱ ያዟቸው። ለዚህም ነው በሦስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ሃ ሆይ የሚባለው ምሽግ ሲከበብ ውስጥ ያሉት ምንም ያልሰሙት። ኳንግ ትሩንግ እዚህ ጥይት አላባከነም። በመለከት አስጠራ። በዙሪያው ያለው ሠራዊት በጨለማ ውስጥ በአንድ ድምፅ አቤት አለ። ምሽጉ እጁን ሰጠ። ስንቁም መሣሪያውም ለታይ ሶን ሆነ።

ንጎክ ሆይ ግን እንዲህ አልቀለለም። ቻይናዎቹ መድፍ ደግነዋል፣ በዙሪያው ሹል እንጨት ተክለዋል፣ ፈንጂ ቀብረዋል። በአምስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ዝሆኖቹ ተለቀቁ። የቻይና ፈረሶች ዝሆን ሲያዩ ደነበሩ፣ ፈረሰኛው የራሱን እግረኛ እየረገጠ ወደ ምሽጉ ተመለሰ። ከዚያ ከምሽጉ መድፍ ይዘንብ ጀመር። ኳንግ ትሩንግ ለዚህ ያዘጋጀው ነገር ነበር። ሦስት ሦስት ሳንቃ አንድ ላይ ተመቶ በውኃ የራሰ ገለባ ተለብጦበታል። እንዲህ ያለ 20 ትልልቅ ጋሻ አለ። እያንዳንዱን አሥር ሰው ጩቤ ታጥቆ ይሸከመዋል፣ ከኋላው ሌላ 20 ሰው ይከተላል። እርጥቡ ገለባ እሳቱን ይከላከላል፣ ሳንቃው ጥይቱን ያዳክማል። ቻይናዎቹ ከሰሜን የሚነፍሰውን ነፋስ ተማምነው ጭስ ለቀቁ። ነፋሱ ዞረና ጭሱ እነሱኑ አሳወራቸው። ጋሻ ተሸካሚዎቹ ምሽጉ ሥር ሲደርሱ ሳንቃውን ጥለው በጩቤ ገቡ።

ሹ ሺሄንግን ጨምሮ በርካታ የቺንግ ጄኔራሎች በዚያን ቀን ሞቱ። የተረፈው ጦር ወደ ታንግ ሎንግ ሊሸሽ ሲል መንገዱ ላይ ሌላ የታይ ሶን ጦር ያለ መሰለው። ሲያፈነግጥ የገባው ዝሆን የያዘው ክፍል አድፍጦ ወደሚጠብቅበት ረግረግ ነበር።

ዶንግ ዳ ላይስ?

እዚያ ጥቃቱ የጀመረው ንጎክ ሆይ ሳይነጋ ነው። የምዕራቡ ክፍል የቻይናዎቹን ሰፈር ሌሊት ከበበው። ያካባቢው ገበሬዎች የገለባ ችቦ ለኩሰው አብረው እንደገቡ ይነገራል፤ ጨለማ ውስጥ ሲያዩት እሳት የሚተፋ ዘንዶ ይመስል ነበር ይላሉ። የሰፈሩ አዛዥ ሰን ዪዶንግ ማምለጫ ሲያጣ ራሱን ሰቀለ። ይህ ሰፈር ለከተማዋ ቅርብ ስለነበር ሱን ሺዪን ያስበረገገው የንጎክ ሆይ ዜና ብቻ አልነበረም።

ሱን ሺዪ እና ንጉሡ አመለጡ?

አመለጡ። ሱን ሺዪ ፈረሱ እስኪጫን፣ ጥሩሩን እስኪለብስ አልጠበቀም። ከጥቂት ፈረሰኞች ጋር ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ጋለበ። ሠራዊቱ ሲያይ ተከተለው። ሁሉም በአንዴ ድልድዩ ላይ ወጣ፣ ድልድዩ ተበጠሰ። ወንዝ ውስጥ ገብቶ የሞተው በሰይፍ ከሞተው ቢበልጥ አይገርምም። ከዩናን የመጣው ክንፍ ዜናውን ሲሰማ ሳይዋጋ ተመለሰ።

ሱን ሺዪ ከሥልጣኑ ተነሳ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላ ሹመት አገኘ። ቺዩ ቶንግ እንደዚያ አልቀናውም። ቻይና ሲገባ ጸጉሩን እንደ ቺንግ ሰዎች እንዲጎነጎን ተደረገ፣ ልብሱ ተቀየረ። ጦር ይሰጠኛል እያለ ቢጠብቅ የሚሰማው ጠፋ። በ1793 ቤጂንግ ውስጥ በ28 ዓመቱ ሞተ።

እውነት 200 ሺህ የቻይና ወታደር ተሸነፈ?

በቬትናም የተለመደው ቁጥር 200 ሺህ ነው። ከዚያም የሚያስበልጡት አሉ። የቺንግ ሰነዶች የሚሉት በጣም ያነሰ ነው፦ ከጓንግዶንግና ከጓንግሺ 10 ሺህ ያህል፣ ከዩናን 8 ሺህ ያህል መደበኛ ወታደር። በዚህ ላይ ስንቅ ተሸካሚ፣ ከድንበር አካባቢ የተቀጠረ ተዋጊና የሌ ደጋፊ የሆነ ያገሬው ጦር ይጨመራል። እሱን ሁሉ ብንደምር እንኳ 200 ሺህ መድረሱ ያጠራጥራል። ጠባቡ የላንግ ሶን መንገድም ያን ያህል ሠራዊት የሚቀልብ አይደለም።

ቁጥሩ ሲቀንስ ድሉ የሚያንስባቸው ሰዎች አሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። የታይ ሶን ብልጫ በሰው ቁጥር ከነበረ፣ ያን ብልጫ በ40 ቀን ውስጥ ፈጥሮ፣ ጠላት በማይጠብቅበት ቀንና ቦታ ማድረሱ ነው ችሎታው።

ካሸነፈ በኋላ ቺየንሎንግን ይቅርታ ጠየቀ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ደግሞም ከጦርነቱ ያላነሰ ብልኃት ነበር። ኳንግ ትሩንግ ከቻይና ጋር ሁለተኛ ዙር አልፈለገም። ደቡብ ላይ ንጉየን አን የሚባለው ያመለጠ የመሳፍንት ልጅ እንደገና ሳይጎንን እያጠናከረ ነበር። ስለዚህ የደብዳቤውን ሥራ ለንጎ ቲ ኛም ሰጠው። ደብዳቤዎቹ ጥፋቱን ሁሉ ሱን ሺዪ ላይ ጫኑት፦ እኛ ልንማለድ ስንመጣ እሱ ተዋጋን፣ ወታደሮቻችሁም ተጎዱ፣ እናዝናለን። ምርኮኞች ተመለሱ። የሞቱት ተቀበሩ። ለሰን ዪዶንግ እዚያው ታንግ ሎንግ ውስጥ መታሰቢያ ቤተ መቅደስ እንዲሠራ ተፈቀደ።

ቺየንሎንግም መውጫ ይፈልግ ነበር። በሱን ሺዪ ቦታ አዲስ የላከው አገረ ገዥ ፉካንጋን ጦርነቱን እንዲቀጥል ሳይሆን ነገሩን እንዲያበርድ ረዳው። በዚያው በ1789 ኳንግ ትሩንግ የአናም ንጉሥ ተብሎ ታወቀ። ቺየንሎንግ በኋላ የዘመኑን አሥር ታላላቅ ዘመቻዎች ሲቆጥር ይህንንም ከድሎቹ አንዱ አድርጎ አስገባው። ተሸናፊው እንደ ድል ቆጠረው፣ አሸናፊው ይቅርታ ጠየቀ፤ ሁለቱም የፈለጉትን አገኙ።

ለልደቱ የሄደው እውነተኛው ኳንግ ትሩንግ ነው ወይስ ሌላ ሰው?

በ1790 ቺየንሎንግ 80ኛ ዓመቱን ሲያከብር የአናም ንጉሥ ራሱ መጥቶ እጅ እንዲነሳ ተጠይቆ ነበር። አንድ ሰው ብዙ ተከታይ ይዞ ሄደ። የቻይና ነገሥታት የበጋ መኖሪያ በሆነችው ረኸ፣ ማለትም በዛሬዋ ቸንግደ፣ በታላቅ ክብር ተቀበሉት። ንጉሠ ነገሥቱ ለቅርብ ሰው ብቻ የሚፈቅደውን የማቀፍ ሥነ ሥርዓት አደረገለት።

የቬትናም ምንጮች የሄደው ኳንግ ትሩንግ አይደለም ይላሉ፤ መልኩ የሚመስል ዘመዱ ነው። ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎችም ይህን ይቀበላሉ። ገና አንድ ዓመት ከምናምን በፊት ጦሩን የደመሰሰበት ንጉሥ ቤት ራሱን አሳልፎ ይሰጣል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። አገር ውስጥም ጠላት ነበረበት። ፉካንጋን ያውቅ ነበር፣ አይቶ እንዳላየ አለፈ የሚሉም አሉ። ያሳምናል፤ እሱም ቢሆን ንጉሡን አመጣሁ ማለት ያዋጣው ነበር።

ከ1968ቱ የቴት ጥቃት ጋር ይገናኛል?

በሐሳብ ይገናኛል። አሜሪካ በተዋጋችበት የቬትናም ጦርነት የሰሜን ቬትናምና የቬትኮንግ (በደቡብ የሚዋጉ የኮሚኒስት አማፅያን) ኃይሎች በጃንዋሪ 1968 መጨረሻ፣ ደቡቡ ለበዓል ተኩስ አቁሞ በነበረበት ሰዓት ከመቶ በላይ ከተሞችን አጠቁ። የመጀመሪያዎቹ ጥቃቶች የተጀመሩት ጃንዋሪ 30 ነው። የ1789ኙ ድል የተገኘውም በዚያው ቀን ነበር፤ የጨረቃ አቆጣጠር ስለሆነ ግን አንዱ የበዓሉ መጀመሪያ፣ ሌላው አምስተኛው ቀን ላይ ዋለ። ኳንግ ትሩንግ በቬትናም ልጅ አዋቂው የሚያውቀው ታሪክ ነው። በበዓል ቀን ማጥቃት ለአሜሪካኖቹ ያልታሰበ ነገር ሊሆን ይችላል። የአገሩን ታሪክ ለተማረ ቬትናማዊ ግን አዲስ አልነበረም።

ታንግ ሎንግ የታይ ሶን ዋና ከተማ ሳትሆን እንዴት "መልሰው ያዙ" ይባላል?

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። የኳንግ ትሩንግ መቀመጫ ፉ ሱዋን፣ የዛሬዋ ሁዌ፣ ነበረች። ታንግ ሎንግ የሌ ነገሥታት ከተማ ናት። የሌ ንጉሥ ደግሞ ከቻይና ጦር ጋር ከተማዋ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ በ1788 ሰሜን ላይ ለነበረ አንድ የሌ ሹም ታንግ ሎንግ አልወደቀችም፤ እንዲያውም ለባለቤቷ ተመለሰች። ከሁለት ዓመት በፊት የወደቀችው በታይ ሶን እጅ ነው ሊል ይችላል። ከሌ ጋር እስከ መጨረሻው የቆዩ፣ ንጉሡን ተከትለው ቻይና የተሰደዱም ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ባንዳ አልነበሩም።

ሚዛኑን ያዞረው ቺዩ ቶንግ ራሱ ነው። በባዕድ ማኅተም መግዛቱና የገዛ ዘመዶቹን መጨፍጨፉ ለሌ ቤት የቀረውን ፍቅር ጨረሰው። ኳንግ ትሩንግ ከተማዋ ሲገባ ንጉሥን የገለበጠ አመፀኛ ተብሎ አልተቆጠረም። በ1786 እንደዚያ ቢባል የሚገርም አልነበረም።

ያን ያህል ጀግና ከሆነ መንግሥቱ ለምን ቶሎ ወደቀ?

በ1792 ድንገት ሞተ። 40 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። አልጋውን የወረሰው ልጁ አሥር ዓመት ገደማ ነበር። ከወንድሙ ከንጉየን ንያክ ጋርም ቀድሞውኑ ተቃቅረው ነበር፤ እሱ ከሞተ በኋላ ቤቱን አንድ የሚያደርግ ሰው ጠፋ። ጄኔራሎቹ እርስ በርስ ተባሉ።

ደቡብ ላይ ንጉየን አን መርከብ እያሠራ፣ የፈረንሳይ ሙያተኞችን እየቀጠረ በየዓመቱ ወደ ሰሜን ይገፋ ነበር። በ1802 ጊያ ሎንግ ተብሎ ነገሠና ታንግ ሎንግ ገባ። መቀመጫውን ሁዌ አደረገ። የታይ ሶን ቤተሰብን አስገደለ፣ የኳንግ ትሩንግን መቃብር አስቆፈረ። በዚያ ሥርወ መንግሥት ዘመን ታይ ሶኖች በመንግሥት መዝገብ ላይ ሽፍቶች ነበሩ። ዛሬ በየከተማው ኳንግ ትሩንግ የሚባል መንገድ አለ፤ ሃኖይም በ1989፣ ድሉ 200 ዓመት ሲሞላው፣ ዶንግ ዳ ላይ መናፈሻና ሐውልት ሠርታለታለች። በቴት አምስተኛ ቀን እዚያ ትልቅ በዓል ይከበራል። ከገለባ የተሠራው ዘንዶም በሰልፉ ውስጥ አለ።